የሳሎኑ ባሕር

አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመርከብ መካኒክ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ወደቡን ለቀው፣ ባሕር ወደማይታይበት ወደ ሚስታቸው የትውልድ ከተማ ገቡ። «ባሕሩን ትቼልሽ መጣሁ» እያሉ ሚስታቸው ላይ ይቀልዱ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ግን የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ የመስታወት ገንዳ አሠሩ። ጨዋማ ውሃ ሞሉበት፤ ድንጋይ፣ ኮራልና ዓሣ አስገቡበት።

«ትቼው መጣሁ ያልከው ባሕር ይኸው ተከትሎህ ገባ!» ብለው እናቷ ሳቁ።

አባቷ በልብ ሕመም ድንገት ሲያርፉ ስለ ገንዳው ያሰበ ሰው አልነበረም። ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ አንድ ቀን ልጃቸው ቀና ብላ አየችው። ድንጋዩ፣ ኮራሉ፣ የፓምፑ አፍ ሳይቀር ረጅም አረንጓዴ ጸጉር አብቅሏል። ዓሦቹ በአልጌው መሃል እየተሹለከለኩ አንዴ ይታያሉ፣ አንዴ ይጠፋሉ። ውሃው ሽታው ተለውጧል።

«አባትሽ ይሄን ቢያይ» አሉ እናቷ።

ልጅቷ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ጀርባ፣ መስኮቷ ወደ ግንብ በሚከፈት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። መፋቅና ማለስለስ የእጇ ልማድ ነው። ከሥራ ቦታ አሮጌ መፋቂያ አምጥታ እጅጌዋን ሰብስባ ቀኑን ሙሉ ፋቀች። ገንዳው ጠራ። ሳምንት ሳይቆይ ግን አልጌው ከበፊቱ ብሶበት መጣ። ደግማ ፋቀች፤ ደግሞ በቀለ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነባት። በመጨረሻ አባቷ የባሕር ጨው ይገዙበት ወደነበረው ሱቅ ደወለች።

በማግስቱ ቅዳሜ አንድ ረጅም ወጣት ባልዲና የጎማ ቱቦ ይዞ በሩን አንኳኳ። የከፈቱለት እናቷ ናቸው።

«ዓሣ የሚያጥበው ሰው መጣ!» ብለው ወደ ውስጥ ተጣሩ።

«ዓሣ እንኳ ራሱን ያጥባል እማማ» አለ ወጣቱ። «እኔ የማጥበው ውሃውን ነው።»

«ውሃ ደግሞ በምን ይታጠባል?»

«በውሃ።»

እናቷ ከት ብለው ሳቁ። ልጅቷ ወጥ ቤት ሆና ሰማችና እጇ ላይ የነበረውን ሳህን አስቀምጣ ወጣች። ከቀብሩ ወዲህ ይህን ሳቅ አልሰማችም ነበር። በሩ ላይ የቆመውን ወጣት መጀመሪያ ያየችው እናቷን እንዳሳቀ ሰው ነው፤ መልኩን ያስተዋለችው ዘግይታ ነው።

እሱ ገንዳው ፊት ተንበርክኮ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አየ።

«ማነው እንዲህ የፋቀው?»

«እኔ ነኝ።»

«በምን?»

መፋቂያዋን አሳየችው። ገልበጥ አድርጎ አየውና ፈገግ አለ። «የጥርስ ሐኪም ነዎት?»

«አይደለሁም። ሐኪሙ ይነቅላል፣ እኔ እተካለሁ።»

«እዚህም የሚያስፈልገው መንቀል ነው። ሲፋቅ ይበተናል፤ የተበተነው ሁሉ ሌላ ቦታ ይበቅላል። ድንጋዩን አውጥቶ፣ አልጌውን በእጅ ነቅሎ፣ ከውሃው ማራቅ ነው የሚሻለው።»

«የሚጨመር መድኃኒት የለውም?»

«አለ። አልጌውን ይገድልልዎታል። የሞተው ደግሞ እዚያው ይበሰብስና ለሚቀጥለው ምግብ ይሆናል።» «ወይ ብርሃን በዝቶበታል፣ ወይ ውሃው ውስጥ የሚበሰብስ ነገር አለ። የቱ እንደሆነ ገና አላወቅሁም።»

አለማወቁን እንደዚያ ሳይጨነቅ መናገሩ ደስ አላት።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ይመጣ ጀመር። ከገንዳው ጥቂት ውሃ በቱቦ ይቀዳና በምትኩ የተጣራ ውሃ በጨው በጥብጦ ይጨምራል። ወፍራም መጋረጃ አሰቀለ፣ መብራቱ የሚበራበትን ጊዜ አሳጠረ፣ አልጌ የሚግጡ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች አመጣ። እሷ ድንጋዮቹን ትይዛለች። በአንድ ባልዲ ግራና ቀኝ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ እሱ አልጌውን ይነቅላል፣ እሷ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስንጥቁን ትቦርሻለች። ጉልበታቸው ሊነካካ ሲል ሁለቱም እኩል ይሰበሰባሉ።

አንድ ቅዳሜ ከድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ ሸርጣን ወጥቶ ጣቱን ቆነጠጠው። «እናቴን!» ብሎ ዘለለ። ድንጋዩ ባልዲው ውስጥ ወድቆ ውሃው ፊቷ ላይ ተረጨ። እሷ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ትስቂብኛለሽ?» አላት። ከዚያ ደነገጠ። «ይቅርታ፤ ይስቁብኛል ማለቴ ነው።»

«አንቺ በለኝ» አለች ፊቷን በክንዷ እየጠረገች። «እዚህ ቤት ያለ ትልቅ ሰው እማዬ ብቻ ናት።»

ያን ቀን ብዙ አወሩ። እናቷ በሥራ ዘመናቸው የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ እንደነበሩ፣ የወደቡን ከተማ ግማሽ ቁጥር በቃላቸው ይዘው ሰው ስም ሲጠራ እሳቸው ቁጥር ይጠሩ እንደነበር ነገረችው። እሱም የሚመኘውን ነገራት። ባሕሩ ዳር ኮራል የሚያራቡበት ቦታ አለ። የጣት ቁመት እያደረጉ እየቆረጡ ያሳድጉታል፤ ከዚያ ጠልቀው፣ ባሕሩ ውስጥ በሞተው ኮራል ላይ ይተክሉታል። ሊቀጠር አመልክቶ መልስ እየጠበቀ ነው።

«ትሄዳለህ ማለት ነው።»

«ከጠሩኝ።»

ብሩሹን ወደ ድንጋዩ መለሰች። ድንጋዩ ጠርቶ ነበር፤ እሷ ግን መቦረሿን አልተወችም።

አልጌው ሳሳ፤ ደስ አላቸው። ከዚያ እንደገና መጣ። መጋረጃው ተዘግቶ፣ ውሃው ተቀይሮ፣ ቀንድ አውጣዎቹ እየጋጡ፣ መጣ። እሱ ውሃውን በብልቃጥ ወስዶ መረመረና ግራ ገባው። የሚበሰብስ ምግብ በዝቷል።

«ዓሦቹን ማን ነው የሚያበላው?»

«እኔ። ጠዋት፣ አንዲት ቁንጥር።»

ከዚህ በኋላ በነበረው ቅዳሜ እሷ ክሊኒክ ተጠርታ ዘገየች። እሱ ከገንዳው ጀርባ ተንበርክኮ ፓምፑን ሲፈታ እናቷ ገቡ። ከመደርደሪያው የምግቡን ቆርቆሮ አወረዱ። «የኔ ምስኪኖች፣ ዛሬ ማንም አላሰባችሁም» ብለው ነሰነሱና ወጡ። ፓምፑን ፈቶ ሳይጨርስ ተመልሰው ገቡ። «የኔ ምስኪኖች፣ ዛሬ ማንም አላሰባችሁም።» ቃሉም ድምፁም ያው ነበር። ነሰነሱ፤ ወጡ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ከጀርባ ብቅ አለ።

«እማማ፣ ቅድም አላበሏቸውም እንዴ?»

«እኔ? ኧረ ዛሬ ገና ከመኝታዬ መነሳቴ ነው።»

ፀሐይዋ ወደ ምዕራቡ መስኮት ዞራ ነበር።

ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ ጠበቃት። ባልዲውን አስቀመጠ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትቆጪ። እናትሽ ማብላታቸውን ይረሳሉ። ደጋግመው ነው የሚያበሏቸው። አልጌው የሚበቅለው ከዚያ ነው።» ቃላቱን እየመረጠ ቀጠለ። «ሐኪም ቢያያቸው ጥሩ ነው።»

«እናቴ?» አለች። «የከተማውን ግማሽ ስልክ በቃሏ የምታውቅ ሴት? ሐዘን ነው! ባሏን ቀብራ ገና መቼ ተነሳችና ነው?»

«ሐዘንም ሊሆን ይችላል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ያየሁትን ነው...»

«አይደለህማ! ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲሉ እውነታቸውን ነው። ውሃ እጠብ ብዬ ጠራሁህ እንጂ ቤቴን ጎርጉር አልኩህ? አልጌ ማጥፋት ቢያቅትህ በእናቴ ታሳብባለህ?»

የባልዲውን እጀታ ያዘ። መልስ ቢሰጣት ይቀላት ነበር።

«ሁለተኛ አትምጣ» አለችው።

ባልዲውን አንስቶ ወረደ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የቃሏ ክብደት የተሰማት ከታች የውጭው በር ሲዘጋ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ስትሄድ የምግቡን ቆርቆሮ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ስህተቱን አሳየዋለሁ ብላ ነው። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ገንዳው ወተት መስሏል። እናቷ ፊት ለፊቱ ቆመዋል፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ርሷል፤ ወለሉ ላይ የዳቦ ፍርፋሪና ባዶ የወተት ጣሳ ተጥሏል።

«ምግባቸውን ሌባ ወሰደው» አሉ። «ርቧቸው አላስችል ቢለኝ ያለውን ሰጠኋቸው።»

አባቷ ከሁሉ አስበልጠው የሚወዷት ቢጫዋ ዓሣ በጎኗ ተኝታ ከላይ ተንሳፋለች።

«አባትሽ ጋ ልደውል» አሉ እናቷ። «እሱ መላ አያጣም።» የስልኩን እጀታ አነሱ። ጣታቸው ወደ ቁጥሮቹ ሄዶ አየር ላይ ቀረ። ወደ አንዱ ቁልፍ ጠጋ አለ፤ ተመለሰ፤ ወደ ሌላው ሄደ። ጣታቸውን እንደ ሌላ ሰው ጣት አፍጥጠው አዩት።

«ቁጥሩ» አሉ። «ልጄ፣ ቁጥሩ ጠፋኝ።»

ባላቸው መሞታቸውን ረስተዋል፤ የገዛ ቤታቸውን ቁጥር እንኳ ስትጠይቃቸው አልመለሱላትም። እጀታውን ቀስ ብላ ከእጃቸው ወስዳ አቀፈቻቸው። እናቷ እንባዋን እንዳያዩባት ፊቷን ትከሻቸው ላይ ደበቀች።

እናቷን ሐኪም ጋ ወሰደቻቸው፤ ሐኪሙ በለሰለሰ ድምፅ ነገራት። ሕመሙ ስም አለው፤ የሚመልሰው መድኃኒት ግን የለውም። እየባሰ ይሄዳል እንጂ አይሻልም። ከክሊኒኩ ሲወጡ እናቷ ክንዷን ይዘው «ሐኪሙ ደግ ሰው ነው። ማን ነበር የታመመው?» አሏት።

እሱ የሚሠራበት ሱቅ ጀርባ ጨለም ያለ ክፍል ነው፤ ገንዳዎቹ ብቻ ሰማያዊ ያበራሉ። እጁን ውሃ ውስጥ ነክሮ አገኘችው።

«ቢጫዋ ሞተች» አለች በሩ ላይ ቆማ።

እጁን አወጣ።

«ይቅርታ ልልህ ነው የመጣሁት። ያልከው ሁሉ እውነት ነው።»

«ደረጃ ላይ መናገር አልነበረብኝም።»

«የትም ብትነግረኝ እዚያው ነበር የምጮኽብህ» አለችና ሳታስበው እንባዋ መጣ።

ወደ እሷ ተጠጋ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ሊነካት ፈልጎ ተወው።

«እጄ ጨው ነው» አለ።

«የኔም ፊት ጨው ነው።»

ያኔ ፊቷን በሁለት እጁ ያዘው። ብዙ ቆሙ። የሚሰማው የፓምፖቹ ድምፅ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ እሱ መጣ። እናቷ ዓሦቹን እንዳያበሉ መከልከል አልሆነለትም። ይልቅ ክዳኑ እንደ ጨው መነስነሻ የተበሳሳ ትንሽ ቆርቆሮ አመጣ። ጠዋት ጠዋት የቀኑ ድርሻ ብቻ ይገባበታል፤ ሌላው ተቆልፎ ይቀመጣል። ድርሻው ሲያልቅም እናቷ ባዶውን ይነሰንሳሉ። ምንም እንደማይወርድ አያስተውሉም። ዓሦቹም የእጃቸውን ጥላ ሲያዩ እየተሻሙ ወደ ላይ ይመጣሉ፤ አፋቸውን ከፍተው ባዶውን ይመለሳሉ። ልጅቷ ይህን ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች።

አልጌው ቀስ በቀስ ለቀቀ። ኮራሉም እንደ አበባ ተከፈተ። ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ሶፋው ላይ ተቀምጠው ውሃውን ያያሉ፤ እናቷ ከመሃል፣ እነሱ ከግራና ቀኝ። ከእናቷ ጀርባ ጣቶቻቸው ይፈላለጋሉ።

ከባሕሩ ዳር የተደወለለት ያኔ ነው። ሥራው የሱ ሆኗል።

«አብረን እንሂድ» አላት። «እማማንም ይዘን።»

«እማዬ ከአልጋዋ እስከ መታጠቢያ ቤት የምትሄደው ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች ነው። ይሄን ግድግዳ ነው የምታውቀው። ከዚህ ካወጣኋት ትጠፋብኛለች።»

«እንግዲያው እቀራለሁ።»

«አይሆንም።» መስኮቱን አሳየችው። «አባዬ እዚህ ጋ ይቆም ነበር። ሁልጊዜ ወደ ወደቡ አቅጣጫ እያየ። እንደሱ ሆነህ እንድትቆምልኝ አልፈልግም። ሂድ።»

ተከራከራት፤ ለመናት፤ ተቆጣት። እሷ ድንጋይ ሆነች። ሲሄድ ባልዲውን በሩ ሥር ትቶላት ሄደ። እናቷ በመስኮት አዩት። «ያ ዓሣ አጣቢ ዛሬ ሳይቀልድ ወጣ» አሉ።

መጀመሪያ ሰሞን በየምሽቱ ይደዋወሉ ነበር። እሱ ስለ ባሕሩ ይነግራታል። እሷ የምትነግረው ግን እያነሰ ሄደ። እናቷ ዛሬ ምድጃ ረስተው ጓንቲ አቃጠሉ። ዛሬ እሷን ሠራተኛ ናት ብለው አመሰገኗት። ዛሬ ጭራሽ ፈሯት። ይሄን ሁሉ ለአንድ ደስተኛ ሰው በስልክ ማቀበል አሳፈራት። አንድ ቀን ስልኩ ሲጠራ አላነሳችም። በማግስቱም አላነሳችም። ክረምቱ እንደዚያው አለፈ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዋን በርጩማው ላይ ተቀምጣ ድንጋይ ትቦርሻለች፤ ከባልዲው ማዶ ያለው በርጩማ ባዶ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ሆና ሳለ የቤቱ ስልክ ጠራ። እሷ እጇን እስክታደርቅ እናቷ ቀደሟት። ከዚያ ለወራት ያልሰማችው ድምፅ ተሰማ፤ ጥርት ያለ፣ ቀጥ ያለ።

«ማዞሪያ ነው። ማንን ላገናኝዎት?» ትንሽ ጠበቁ። «እሺ። መስመሩ ላይ ይቆዩ።»

እናቷ ወጥ ቤቱ በር ላይ መጥተው ቆሙ። ልጃቸውን እንደማያውቋት ደንበኛ ትሕትና ባለው ዓይን አዩዋት።

«እመቤት፣ ከሩቅ ይፈለጋሉ።»

እጀታውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። የነፋስ ድምፅ ነበር።

«ለምን አታነሺም?» አለ እሱ።

«እንድትረሳኝ ብዬ።»

«መርሳት እንደዚያ ቀላል መሰለሽ?»

እናቷን አየቻቸው። «እዚህ ቤት ቀላል ነው» አለች።

ከዚያ እሱ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ሂድ አልሽኝ፤ ሄድኩ። ባሕሩን አየሁት፤ ገባሁበት፤ ያማረ ነው። ከውሃው ስወጣ ግን ያየሁትን የምነግረው ሰው የለኝም። አባትሽ ወደ ወደቡ ሲያዩ ተጸጽተው እንደነበር ማን ነገረሽ? ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?»

ጠይቃቸው አታውቅም። ድሮውን ማየት የሚወድ ሰው ሁሉ የተጸጸተ መስሏት ኖራለች። ቆይተው ቆይተው ከመስኮቱ ዞር ሲሉ ሚስታቸውን ፈልገው፣ አጠገባቸው ሄደው ይቀመጡ እንደነበር አሁን ነው ያሰበችው።

እናቷ ትከሻዋን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ሌሎች ወረፋ እየጠበቁ ነው። ባጭሩ ይናገሩ።»

እየሳቀች አለቀሰች።

«ና» አለችው።

የጀመረውን ተከላ ጨርሶ መጣ። በየዓመቱ ጥቂት ሳምንት እየሄደ ሊጠልቅ፣ ቀሪውን እዚህ ሊሠራ ከአሠሪዎቹ ጋር ተስማምቷል። ማዘጋጃ ቤት ሄደው ፈረሙ፤ ጥቂት የሥራ ባልደረቦችና ጎረቤቶች ተከትለዋቸው ቤት ገቡ። ሙሽራዋ እናቷን ጠዋት አጥባ፣ ጸጉራቸውን አበጥራ፣ የክት ልብሳቸውን አልብሳቸዋለች። ሶፋው ላይ ከጎናቸው ተቀመጠች። እሱ በሌላው ጎን።

እናቷ ነጩን ቀሚስ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ታምሪያለሽ። የማን ልጅ ነሽ?»

እሱ እጁን በእናቷ ጀርባ በኩል ሰዶ የሙሽራዋን እጅ ያዘ።

«እናት አለችሽ?» አሉ እናቷ።

«አለችኝ።»

«ታዲያ በልጇ ሠርግ የት ሄደች?»

«መጥታለች። እዚሁ ናት።»

እናቷ ቀና ብለው እንግዶቹን አንድ በአንድ አዩ። የሙሽራዋን እናት ከሰው መሃል ፈለጉ። አላገኟትም። ደከማቸውና ወደ ሙሽራዋ ዞሩ። ፊቷን ሳብ አድርገው ጉንጯን ሳሟት።

«አንዲት ሴት እንኳን ደስ ያለሽ ብላሻለች በያት» አሉ። «ይሄንንም ለእናትሽ አድርሺልኝ።»

ሙሽራዋ ወደ እናቷ ጉንጭ ጎንበስ አለችና አደረሰች።